ለፋንታዬ መኪና የመረጥኩት ካንዴላ

ባለፈው ጥቅምት አንዲት ነጭ መኪና መሐል ሜዳ ካለው ጋራዤ ደጃፍ ድምፅ ሳታሰማ መጥታ ቆመች። ሹፌሩ ከደብረ ብርሃን የመጣ ሰው ነው፤ ፍሬኑ እየጮኸ አስቸገረኝ አለኝ። ፍሬን ለማየት ኮፈን መክፈት አያስፈልግም፤ ግን አርባ ዓመት የለመደ እጅ አርፎ አይቀመጥምና ከፈትኩት። ካንዴላ ፈለግሁ። በግራ አየሁ፣ በቀኝ አየሁ፣ የፕላስቲኩን ክዳን ደባበስኩ፤ የለም። ሰውየው «ጋሼ፣ የኤሌክትሪክ እኮ ነው» ብሎ ሳቀብኝ። እኔም ሳቅሁ፤ ከዚያ ግን በቀላሉ አልለቀቅሁትም። ባትሪው የት እንደተቀመጠ፣ የመንዝ ብርድ ምን እንደሚያደርገው፣ ዳገት ሲወጣ የቱ ጋ እንደሚሞቅ እየጠየቅሁ ፍሬኑን ከሠራሁለት በኋላም አንድ ሰዓት ያህል አቆምኩት።

ሊሄድ ሲል ዓይኑ ግድግዳው ላይ አረፈ። እዚያ በሽቦ የተንጠለጠለ አንድ ፒስተን፣ ሞተር ውስጥ ላይና ታች የሚመላለሰው ብረት፣ ነበር፤ አናቱ ባቄላ በሚያሾልክ ቀዳዳ ተበስቷል፤ በጎኑ በነጭ ቀለም «አሰፋ» ተብሎ ተጽፎበታል። ይሄ ምንድን ነው፣ ማስታወቂያ ነው ወይ አለኝ። የኔ ሥራ ነው አልኩት። የቀለድኩ መስሎት እየሳቀ ሄደ።

አልቀለድኩም። ጋራዤን ለመዝጋት የወሰንኩትም በዚያው ሰሞን ነው። የካንዴላን ክፍተት ያለ መነጽር ማየት አቅቶኛል፤ መኪናውም ካንዴላ አያስፈልገኝም እያለ መምጣት ጀምሯል። ከመርሳቴ በፊት ግን የፒስተኑን ነገር ጽፌ ላስቀምጥ ብዬ ነው።

የተወለድኩት ዘመሮ አጠገብ ነው፤ ወላጆቼ ገብስ ያርሱ ነበር። ትምህርቱ አልሆንልህ ሲለኝ አጎቴ ደብረ ብርሃን ወስዶ አንድ የመንግሥት ጋራዥ ውስጥ ዕቃ አጣቢ አድርጎ አስቀጠረኝ። ስለ ደሞዙ ባናነሳ ይሻላል። ቀኑን ሙሉ ብሎንና ዳዶ በናፍጣ ሳጥብ ውዬ ማታ እንጀራው ሁሉ ናፍጣ ናፍጣ ይለኝ ነበር። ግን ከዚያ ያስቀረኝ አንድ ሰው ነበር፤ የሞተር ክፍሉ ኃላፊ ጋሼ ወንድይራድ።

ጋሼ ወንድይራድ ከቱታቸው ሥር ክራቫት የሚያስሩ ሰው ነበሩ። እኛ እጃችንን የምንታጠበው ሥራ ስንጨርስ ነው፤ እሳቸው ካንዴላ ከመንካታቸው በፊት ይታጠቡ ነበር። ካንዴላዎቹን አውጥተው በነጭ ጨርቅ ላይ፣ ሞተሩ ውስጥ በነበሩበት ተራ ይደረድሯቸዋል። ከዚያ ጨርቁን እንዳለ ይዘው ወደ ውጭ፣ ወደ ፀሐይ ይወጣሉ። በአምፖል ካንዴላ አያዩም። ደመና ከሆነ ቁጭ ብለው ደመናው እስኪገልጥ ይጠብቃሉ፤ አለቆቹ ይቆጣሉ፤ እሳቸው ግን አይሰሙም።

ያን ጊዜ ነው ካንዴላ ማንበብ የተማርኩት። ካንዴላ ማለት ሞተሩ ውስጥ ብልጭታ እየሰጠ ቤንዚኑን የሚያቀጣጥል ጣት የምታህል ዕቃ ነች። ጫፏ እሳቱ ውስጥ ስለምትውል ያየችውን ሁሉ ይዛ ትወጣለች። ጥላሸት ከለበሰች ቤንዚኑ በዝቷል ወይም ሞተሩ ሳይሞቅ ቆሞ ይሠራል። ነጭ ሆና ጫፏ ከተጠባበሰች ከመጠን በላይ ጋለች ማለት ነው። የገብስ ቆሎ መልክ ካላት ሞተሩ ደህና ነው። እኔ የገብስ አገር ልጅ ስለሆንኩ ይቺ የመጨረሻዋ ወዲያው ገባችኝና «ቆሎ» አልኳት፤ ጋሼ ወንድይራድም ከኔ ወስደው «ቆሎ ሆናለች» ማለት ጀመሩ። ያን ቀን የተሰማኝን ኩራት እስካሁን አስታውሳለሁ።

አንድ ሌላ ልማድ ነበራቸው። ሌላው መካኒክ መኪና ሲመጣለት ምን ሆነ ብሎ ነው የሚጠይቀው። እሳቸው ግን ኮፈን ሳይከፍቱ ሹፌሩን ከዚህ ወጥተህ ወዴት ነህ ይሉታል። አንድ ቀን ለምን እንደሆነ ጠየቅኋቸው።

«ካንዴላ የሚነግርህ የመጣበትን ነው» አሉኝ። «አንተ የምትገጥመው ግን ለሚሄድበት ነው። ሁለቱ አንድ መንገድ ከመሰሉህ ሞተር ትበላለህ።»

በየወሩ ለበላይ የሚላክ የብልሽት ሪፖርት ነበረ። «የብልሽቱ ምክንያት» በሚለው ቦታ ሁላችንም የምንጽፈው አንድ ዓይነት ነው፦ የሹፌር አያያዝ ጉድለት። ጎማ ፈነዳ፣ ሹፌር። ፍሪሲዮን ተቃጠለ፣ ሹፌር። ሹፌሩ መንገድ ላይ ነው፤ መጥቶ አይከራከርም። ጋሼ ወንድይራድ ይሄንን አይወዱም ነበር። በክፍላቸው ግድግዳ ላይ አንድ ሰሌዳ ሰቅለው በመካኒክ እጅ የተበላሸ ዕቃ ሁሉ እዚያ ይንጠለጠል፣ ያበላሸውም ስሙን በገዛ እጁ ይጻፍበት አሉ። ከተንጠለጠሉት ሦስቱ የራሳቸው ነበሩ። የኔ አንድም አልነበረም፤ ጎበዝ ስለሆንኩ ሳይሆን ገና ዕቃ አጣቢ ስለነበርኩ ነው።

ከዓመታት በኋላ መካኒክ ሆኜ ዓለም ከተማ አጠገብ ወዳለ የመንገድ ሥራ ካምፕ ተዛወርኩ። እዚያ የነበረው አለቃችን አንድ ካንዴላ ለመቀየር ሦስት ፊርማ የሚያስፈርም ሰው ነበር፤ አሮጌዋም ተመላሽ መሆን አለባት ይላል። ተመላሽ የሆኑትን ግን ማንም አያያቸውም። እኔ ከዕቃ ግምጃ ቤቱ ሰውዬ እየለመንኩ እሰበስባቸው ጀመር። በክር አስሬ ወረቀት አንጠለጥልባቸዋለሁ፦ «ጀማ፣ ሚያዝያ»፣ «መንዝ፣ ኅዳር»። ያው አንድ መኪና በብርዱ አገር ከርሞ ሲመጣ ካንዴላው ጥቁር ነው፤ የጀማን ሸለቆ ወርዶ በሙቀቱ ውስጥ ዳገቱን ጭኖ ሲወጣ ይነጣል። እንዴት አንድ ሞተር በአንድ ሳምንት ሁለት መልክ ይኖረዋል እያልኩ ስገረም አንድ ሙሉ መሳቢያ ሞላ። ይሄን የምነግራችሁ ሳላውቅ አጠፋሁ እንዳልል ነው። አውቅ ነበር።

ከካምፑ ወጥቼ መሐል ሜዳ የራሴን ጋራዥ ስከፍት የመንዝን ብርድ እንደ አዲስ ተማርኩት። ጠዋት ሹፌሩ ሞተር ያስነሳና መኪናው እስኪሞላ እዚያው ያስጮኸዋል፤ ተሳፋሪው እንዲሞቀው ነው። ግማሽ ሰዓት፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ። ካንዴላው ጥላሸት ይለብሳል፣ መኪናው ይንተፋተፋል፣ በማግስቱም አልነሳ ይላል። ስለዚህ አንድ ደንብ አወጣሁ፤ ለመንዝ መኪና አንድ ደረጃ ሞቅ ያለ ካንዴላ።

ካንዴላ ቀዝቃዛና ሞቃት ይባላል እንጂ ሁሉም እሳት ውስጥ ነው የሚኖረው። ቀዝቃዛ የሚባለው ሙቀቱን ቶሎ ወደ ሞተሩ ብረት የሚያስተላልፈው ነው። ሞቃቱ ሙቀቱን ይዞ ይቆያል፤ በዚያ ሙቀት ጥላሸቱን ራሱ ያቃጥላል። ደረጃው በላዩ ላይ በቁጥር ይጻፋል፤ ያውም የአንዱ ፋብሪካ ቁጥር ሲጨምር ቀዝቃዛ፣ የሌላው ሲጨምር ሞቃት ነውና ሳያስተውል የሚገዛ ብዙ ሰው አይቻለሁ። ደንቤ ሠራ። አሮጌዎቹ ታክሲዎች ጠዋት በአንድ ቁልፍ መነሳት ጀመሩ። ሹፌሮች የአሰፋ ደንብ ይሉት ነበር፤ እኔም ሲሉት ደስ ይለኝ ነበር፤ አልደብቅም።

ፋንታዬ የመጣችው ያኔ ነው። አባቷ አቶ ለማ ዘመሮ ውስጥ ባና፣ የመንዝን የበግ ጠጉር ብርድ ልብስ፣ የሚሠሩ ሸማኔ ናቸው፤ ዝናቸው የታወቀ ነው። ወንድሟ አዲስ አበባ የመኪና ውድድር ይወዳደር ነበር፤ ወገቡን ታሞ መንዳት ሲያቆም መኪናውን ለእሷ ሰጣት። በኮንትራት ሰው እያመላለሰች ልትኖርበት ነው። በመነኻሪያው ያለች ሴት ሹፌር እሷ ብቻ ስለነበረች ገና ማርሽ ስታስገባ ሁሉም ዞሮ ያያታል።

መኪናው ባለ ተርቦ ነው። ተርቦ ማለት ከሞተሩ የሚወጣውን ጭስ ጉልበት ተጠቅሞ አየር ወደ ሞተሩ የሚነፋ ወናፍ ነው፤ ልክ አንጥረኛ ፍሙን እንደሚነፋው። ወንድሟ ደግሞ ይሄ አልበቃ ብሎት የሞተሩን ኮምፒውተር አስነክቶ ወናፉ ከፋብሪካው ልክ በላይ እንዲነፋ አድርጎታል። እንዲህ ስላለ መኪና ሕይወቴን በሙሉ አንብቤ እንጂ ነክቼው አላውቅም ነበር። ኮፈኑን ከፍቼ መጀመሪያ የወናፉን ቱቦዎች አንድ በአንድ በጣቴ ተከተልኩ፤ ከጉጉት።

ጠዋት አልነሳ ይላል፣ ይንተፋተፋል አለችኝ። ጉም የወረደበት ቀን ነው። ውጭ ፀሐይ ስለሌለ በእጅ ባትሪ አየሁት። አራቱም ካንዴላ እንደ ድስት ቂጥ ጠቁረዋል፤ ቁጥራቸውን አየሁ፣ በጣም ቀዝቃዛ ናቸው። አሃ፣ ወንድምሽ የውድድር ካንዴላ ገጥሞ ለመንዝ ብርድ ላከልሽ አልኳት። ጫፉ ላይ ብልጭታው የሚዘልበትን ክፍተት ግን በደንብ አሰብኩበት። ወናፉ በኃይል ሲነፋ ብልጭታው ሰፊ ክፍተት መዝለል ያቅተዋል፤ እንደ ሻማ ይጠፋል። ስለዚህ አጠበብኩት። ይቺን በማወቄ በራሴ ተደንቄ ዋናውን ረሳሁት። ከደንቤም አልፌ ሁለት ደረጃ ሞቃት የሆነ ካንዴላ ገጠምኩላት። ወዴት ነሽ ብዬ አልጠየቅኋትም።

መኪናው እንደ ንብ ጥዝዝ ማለት ጀመረ። ሦስት ሳምንት ፋንታዬ ባየችኝ ቁጥር እጅ እየነሳች ታልፍ ነበር። በአራተኛው ሳምንት አምስት ሰው ጭና ወደ ዓለም ከተማ ኮንትራት ያዘች። ሸለቆውን ወረደች፤ ከታች ያለው ሙቀት ይታወቃል። ከዚያ ዳገቱን ስትጀምር ወናፉ በሙሉ ኃይሉ ነፋ። እኔ የገጠምኩት ካንዴላ ሙቀቱን ማሳለፍ አልቻለም፤ ጫፉ ፍም ሆነና ቤንዚኑን ያለ ጊዜው ማቀጣጠል ጀመረ። ጣሳ ውስጥ ያለ ጠጠር የመሰለ ድምፅ ሰምታ ነበር። መንገዱ ጠጠር ነው፤ ከሥር የሚመታኝ ድንጋይ ነው አለች። ማንም ሰው እንዲሁ ይላል። ዳገቱ መሐል ላይ ሰማያዊ ጭስ ወጣና ሞተሩ ቆመ።

በጭነት መኪና አስጎትታ አመጣችው። የሞተሩን የላይ ክዳን፣ ቴስታታውን፣ ሳነሳ አጠገቤ ቆማ ነበር። ሦስተኛው ፒስተን ተበስቷል። ካንዴላውን አየሁት፤ ጫፉ ቀልጦ ጠፍቷል፣ ሸክላው ነጥቶ ተሰነጣጥቋል። መሳቢያዬ ውስጥ እንኳ እንደዚህ ያለ አልነበረም። በዚያች ቅጽበት ሁሉንም ነገር አወቅሁ።

ፋንታዬ «እኔ ነኝ አይደል ያበላሸሁት፣ ጋሽ አሰፋ?» አለችኝ።

እኔ ምን አልኩ? ዳገቱ ከባድ ነው አልኩ። ውሸት አይደለም፤ ዳገቱ ከባድ ነው። ካንዴላውን ግን ኪሴ ከተትኩት።

በማግስቱ መነኻሪያው አወራ። ተርቦ መኪና ለሴት ምን ያደርጋል አሉ፤ ረግጣ አቃጠለችው አሉ፤ በሁለተኛ ማርሽ ያንን ዳገት ትወጣለች ወይ አሉ። ጋራዤ መጥተውም ጠየቁኝ፤ እኔ ደግሞ ትከሻዬን ነቅንቄ ሥራዬን ቀጠልኩ። ያ ትከሻ መነቅነቅ በአርባ ዓመት ውስጥ ከሠራሁት ሁሉ የከፋ ሥራ ነው። ፒስተን ስህተት ነው፤ ይሄ ግን ፈሪነት ነው። ዘጠኝ ቀን እንደዚህ ቆየሁ።

በዘጠነኛው ቀን አቶ ለማ ከዘመሮ መጡ። የተጠቀለለ ባና ይዘዋል። ለድካምህ ነው ብለው ጠረጴዛዬ ላይ አኖሩት። ከዚያ ቁጭ ብለው ባርኔጣቸውን ጉልበታቸው ላይ አደረጉ።

«አሰፋ፣ አንተ ሞተር የምታውቅ ሰው ነህ» አሉኝ። «ልጄ ከቤት መውጣት ተወች። አትችይበትምና ሽጪው ልበላት? አንተ ሽጪ ካልካት ትሰማለች።»

ባናውን አየሁት። ጠርዙ ላይ አንዲት ክር ዘላለች፤ እሳቸውም ያየሁትን አይተው፣ አዎ፣ እዚያ ጋ ተሳስቻለሁ፣ የኔ ነው አሉ እንደዋዛ። እኔ ተነስቼ ካንዴላውን ከኪሴ አወጣሁና ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩት። ጥፋቱ የኔ ነው አልኳቸው። ሲገባቸው ፊታቸው ተለወጠ፤ ግን ባናውን መልሰው አልወሰዱም። እንዲወስዱት ለመንኳቸው፤ አይሆንም አሉ። እስከ ዛሬ ያንን ባና እየለበስኩ ነው የምተኛው፤ ሁልጊዜም አይመቸኝም።

ከሰዓት በኋላ ፋንታዬን አስጠራሁ፤ ከመነኻሪያውም በጣም ያወሩትን ሹፌሮች ጠራሁ። ፒስተኑን አጥቤ ስሜን ጻፍኩበትና በፊታቸው ግድግዳው ላይ ሰቀልኩት። ካንዴላው እንዴት እንዳቃጠለው አንድ በአንድ አስረዳኋቸው። ሹፌሮቹ አንገታቸውን ደፉ፤ አንዱ ለመቀለድ ሞከረና ማንም አልሳቀለትም። ፋንታዬ ጠጋ ብላ የፒስተኑን ቀዳዳ በጣቷ ነካችው።

«ዘጠኝ ቀን ሙሉ ያውቁ ነበር?» አለችኝ።

አዎ አልኳት። ፊቷን አዙራ ወጣች። ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር።

ሞተሩን በራሴ ወጪ አዲስ አድርጌ ሠራሁት። ስጨርስ መጥታ ቁልፉን ከመቀበሏ በፊት ካንዴላውን አብረን እንምረጥ አለች። መጀመሪያ ያላየሁትን ያየሁት ያን ጊዜ ነው። የመጀመሪያዎቹ ካንዴላዎች የጠቆሩት ቀዝቃዛ ስለሆኑ ብቻ አልነበረም። ወንድሟ ኮምፒውተሩን ያስነካው ለአዲስ አበባ ነው፤ በመሐል ሜዳ ከፍታ፣ በሳሳው አየር፣ ቤንዚኑ ይበዛበታል። በዚያ ላይ ጠዋት ጠዋት ተሳፋሪ ስትጠብቅ ሞተሩን ቆሞ ታስጮኸዋለች። ካንዴላው እንደ ምስክር እውነቱን ነግሮኝ ነበር። እኔ ምስክሩን አባርሬ የሚስማማኝን ሌላ አመጣሁ።

ወንድሟ አንድ የሚያውቀውን ባለሙያ ይዞ መጣና የቤንዚኑን ልክ አስተካከለው። ቀዝቃዛውን ካንዴላ መልሰን ገጠምን። ክፍተቱን ራሷ ለካች፤ ቀጭኗን የብረት መለኪያ ስታስገባ ትንፋሿን ይዛ ነበር። ጠዋት ደግሞ ሞተሩን ቶሎ አሙቃ ወዲያው እንድትነሳ ተነጋገርን፤ ለተሳፋሪው ሙቀት ሲባል ለእያንዳንዱ አንድ አንድ ባና መቀመጫው ላይ አኖረች፤ የአባቷን ሥራ። አሁን ሰው ባናውን ብሎ ነው የእሷን መኪና የሚመርጠው።

ከዚያ አሁን ወዴት ነሽ አልኳት። ዘግይቶም ቢሆን።

«ዓለም ከተማ። እርስዎም ይግቡ» አለችኝ።

በአርባ ዓመት ውስጥ በገጠምኩት ካንዴላ ያንን ዳገት ተቀምጬ ወጥቼ አላውቅም ነበር። ሸለቆውን ስንወርድ ላቤ መጣ፤ ሙቀቱ ነው አልኩ። ዳገቱን ስንጀምር መስኮቱን ዝቅ አድርጌ ጆሮዬን ወደ ሞተሩ ሰጠሁ። ከሥር ጠጠር በመታን ቁጥር ልቤ ትዘላለች። ባለፈው ሞተሩ የቆመበት ጠመዝማዛ ላይ ስንደርስ ፋንታዬ ማርሽ ቀነሰችና እግሯን ጫነች። ወናፉ ሲነፋ ወንበሩ ወደ ኋላ ገፋኝ። የጠጠሩ ድምፅ የመጣው ከመንገዱ ብቻ ነበር።

ዓለም ከተማ ስንደርስ ሞተሩ እስኪቀዘቅዝ ምሳ በላን፤ ትኩስ ሳለ ካንዴላ መፍታት ጥርሱን ያበላሻል። ከዚያ እሷ ፈታችው። እጇን መጀመሪያ ታጠበች፤ ይሄን መቼ ነግሬያት እንደነበር አላስታውስም። ወደ ፀሐይ ይዛ ወጣች።

«ቆሎ» አለች።

ጋራዡን የዘጋሁት ሚያዝያ ላይ ነው። የካንዴላ መሳቢያዬን ደብረ ብርሃን ላለ አንድ የሙያ አስተማሪ ሰጠሁት፤ ወረቀቶቹን ሲያነብ እንደኔው ሲገረም አይቼ ደስ አለኝ። ከግድግዳው ዕቃ ሳወርድ ፋንታዬ መጣች። ፒስተኑን ይስጡኝ አለች። ምን ያደርግልሻል፣ የኔ ሐፍረት እኮ ነው አልኳት።

«እኔ መንዳት ከጀመርኩ ጀምሮ» አለች፣ «በዚህ አገር የተበላሸ መኪና ሁሉ የኔ ስም አለበት። የሌላ ሰው ስም ያለበት ይሄ ብቻ ነው።»

ሽቦውን ፈትቼ ሰጠኋት። ቀለሙ ደብዝዞ ስለነበር አደምቅላት ዘንድ ጠየቀችኝ፤ መነጽሬን አድርጌ ፊደሎቹን አንድ በአንድ ደገምኩባቸው። አሁን በመኪናዋ ውስጥ፣ ከፊት መስታወቱ ሥር ተቀምጧል፤ ስሜ ወደ ተሳፋሪው ዞሮ ይታያል። ስለ ሴት ሹፌር የሚያነሳ ሰው ሲገባ አትከራከረውም አሉ። በጣቷ ወደ ፒስተኑ ጠቁማ ያንብቡት ትለዋለች።